ዝናብ ያላስቆመው አዳቃይ

አድማሴ ሰኔ በገባ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይዞት ያድር ነበር፤ ውኃ በየት ይገባል?

ጥያቄው የፍልስፍና አይደለም። አድማሴ የከብት አዳቃይ ነው። ላም ኮርማ ስትፈልግ ገበሬው ይደውልለታል፤ እሱም የተመረጠ የኮርማ ዘር በብርድ የሚጠበቅበትን ዕቃ ሞተሩ ላይ አስሮ ከእንጅባራ ወደ ገጠር ይፈተለካል። ከተማዋን በሪፖርት ላይ እንጅባራ ብሎ ይጽፋታል፣ ሲቸኩል ግን እንደ ማንም ሰው ቆሰበር ይላታል። ገበሬው «ዶክተር» ይለዋል። ዕድሜ የጠገቡት ደግሞ ሳያፍሩ «የኮርማው ልጅ» ይሉታል።

ሞተሩን የሰጠው መሥሪያ ቤቱ ነው። ከሞተሩ ጋር አብሮ መምጣት የነበረበት የዝናብ ልብስ ግን ገና ግዥ ላይ ነበር። ግዥ የሚባለው ፍጥረት ደግሞ ወቅት አያውቅም፤ የዝናብ ልብስን በጥር፣ የፀሐይ ባርኔጣን በሐምሌ ይዞ ከተፍ ይላል። እርግጥ ነው፣ አድማሴ ስለ ዝናብ እጥረት በተሰጠ ስልጠና ላይ አንድ ኮፍያ ተሸልሟል። ኮፍያው በመጀመሪያው ዝናብ ቀለሙን ግንባሩ ላይ አራግፎ ተገላገለ።

የቆሰበር ዝናብ ከላይ ወደ ታች ብቻ ቢዘንብ ማን በተማረረ። ከጎን ይመጣል፤ ከፊት ይመጣል፤ ሞተር ላይ ለተቀመጠ ሰው ደግሞ ከጎማው ተነሥቶ ከታች ይመጣል። ሌላው ዓመት ቢሆን አድማሴ ጉንፋኑን ይዞ፣ ነጭ ሽንኩርቱን እየበላ ክረምቱን ይገፋው ነበር። የዘንድሮው ጥያቄ ግን የጤና ሳይሆን የትዳር ሆነበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥርባ በምትባል ገጠር ጋሼ ገበየሁ የሚባሉ ገበሬ አሉ። ወንዱ ልጃቸው ለሥራ አገር ለቆ ከሄደ ወዲህ በቤታቸው የሚሳሱላቸው ሁለት ነገሮች ቢኖሩ፣ አንዷ አስተማሪዋ ልጃቸው ሀይማኖት፣ ሌላዋ ግንባረ ነጯ ላማቸው ቦራ ናቸው። የትኛዋ እንደምትቀድም አገሩ ገና ተከራክሮ አልጨረሰም። አድማሴ ለሀይማኖት ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ልኮ ነበር። ጋሼ ገበየሁ ሽማግሌዎቹን በክብር አስቀምጠው፣ አብልተው አጠጥተው፣ «ክረምቱ ይውጣና እናያለን» ብለው ሸኟቸው። ክረምቱ ሲገባ ቦራ ኮርማ ፈለገች።

የላም ፍላጎት እንደ ሰው ፍቅር ዓመት ሙሉ እየተጎተተ አይኖርም። ጠዋት የጀመራት ላም በዚያው ቀን ካልተደረሰላት፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሣሯን ትግጣለች። ባለቤቷም ሦስት ሳምንት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

መጀመሪያ በተጠራ ጊዜ አድማሴን ዝናብ መንገድ ላይ ያዘው። ሞተሩን አቁሞ ከአንድ የመንገድ ዳር ቤት ጣራ ሥር ተለጠፈ። ቤቱ የእማማ ሸጋ ነበር።

«ምነው?» አሉት እማማ ሸጋ በሩን ከፈት አድርገው። «እኔ ውስጥ ቁጭ ብዬ አንተ ግድግዳዬን ነው የምትጠይቀው?»

«ላም ትጠብቀኛለች፣ እማማ። ሲያባራ እሄዳለሁ።»

«ላሟስ ጣራ አላት። ጣራ የሌለህ አንተ ነህ። ግባ።»

በዚያ አገር ዝናብ የያዘው ሰው ደጅ ቆሞ አያሳልፍም። መጠለል ማለት መግባት ነው፤ መግባት ማለት መቀመጥ ነው፤ የተቀመጠ ደግሞ ይበላል። ትኩስ ድንች ከነዳጣው ቀረበ። ጠላ ተከተለ። የእማማ ሸጋ የእኅት ልጅ ታሪክ ከጠላው ጋር ተቀዳ። አድማሴ ዓይኑ በር በሩን ሲያይ ቆይቶ ብድግ አለ።

«ዶፉ ሳያባራ ወዴት ነው?» አሉት እማማ ሸጋ። «በዝናብ ሳይጠለል የሚሄድ መርዶ ነጋሪ ብቻ ነው። ቤቴን አታሟርትበት፣ የኔ ልጅ። ተቀመጥ፣ በሞቴ።»

«በሞቴ» ከተባለ በኋላ የሚነሣ ሰው አልተወለደም። አድማሴ ጥርባ ሲደርስ ቦራ ሣሯን ትግጥ ነበር።

በሁለተኛው ጊዜ ብልጥ ልሁን አለና የእማማ ሸጋን ቤት አልፎ ሌላ ቤት ተጠለለ። እዚያ ቤት ማኅበር ነበር። ከማኅበር ቤት የወጣበትን ሁኔታ ባናነሣው ይሻላል። ላሟ ያን ለታም አልቆየችም።

በሦስተኛው «የራሱ ጉዳይ፣ አልጠለልም» ብሎ በስስ ጃኬት ዶፉን ሰንጥቆ ሄደ። ደረሰም። ግን እጁ ደንዝዞ ጣቶቹ የሌላ ሰው ጣቶች መስለውት ነበር። ዘሩን የያዘችው ቀጭን ቀሰም ከእጁ አምልጣ ጭቃ ውስጥ ሰመጠች። ቦራ አንገቷን አዙራ አየችው። ከፈራው ከጋሼ ገበየሁ ቁጣ ይልቅ የከበደው የእሷ አስተያየት ነበር።

ጋሼ ገበየሁም አልተቆጡም። ጥርሱ የሚንቀጫቀጨውን አማች ሊሆን የሚፈልግ ሰው ከላይ እስከ ታች ተመለከቱትና፣ «ለላሜ በወቅቱ ያልደረሰ ሰው ለልጄ እንዴት ይደርስላታል?» አሉ። «እንግዲህ አንድ ጊዜ ልይህ። ቦራ በሚቀጥለው ስትፈልግ ደርሰህ ሥራህን ከሠራህ፣ ያን ጊዜ እንነጋገራለን። ካልደረስክ ሽማግሌህን ሌላ ደጅ ላክ።»

አድማሴ በዚያ ሳምንት ሲያስነጥስ፣ ሲያስብ፣ ደግሞ ሲያስነጥስ ሰነበተ። ነገሩን ባሰበው ቁጥር ከጭንቀቱ ይልቅ ጉጉቱ እየበረታ መጣ። ዝናብ ሰውን የሚያረጥበው በየት በየት ነው? ለምን አንገት ቀድሞ ይረጥባል? ለምንስ ቦቲ ጫማ ያደረገ ሰው ባዶ እግሩን ከሄደው ሰው የበለጠ ውኃ ይሸከማል?

መጀመሪያ የሞከረው ገሳ ነበር። ከሣር ተጎንጉኖ ከጀርባ የሚደረበውን የገበሬውን የዝናብ ልብስ ተውሶ ለበሰ። ገሳ ቆሞ ለሚያርስ ሰው አቻ የለውም፤ ውኃው በሣሩ ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል። ሞተሩ ሲፈጥን ግን ነፋሱ ከሥር ገብቶ ገሳውን ክንፍ አደረገው። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች አማተቡ። አድማሴም በልቡ አማተበ፤ ምክንያቱም ለአፍታ ያህል የፊት ጎማው መሬት አልነካም ነበር።

ቀጥሎ ከመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ረጅም የላስቲክ ካፖርት ተዋሰ። እሱም ለቆመ ሰው ግሩም ነው። ሞተር ላይ ሲቀመጡበት ግን የካፖርቱ ጉያ ጎድጉዶ ዝናቡን ያቁራል። ጥርባ አጠገብ ዘንገና የሚባል ሐይቅ አለ፤ አድማሴ ወደ ሐይቁ የሚሄደው ሌላ ሐይቅ ጭኑ ላይ ታቅፎ ሆነ።

ማታ ሀይማኖት ደወለችለት። ጥርባ ኔትወርክ የሚገኘው ከቤታቸው በላይ ካለው ጉብታ ላይ ስለሆነ፣ ድምፅዋ ሁልጊዜ ከነፋስ ጋር ነው የሚመጣው።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ውኃ በየት እንደሚገባ እያጠናሁ።»

«አንተ የተማርከው እንስሳት አልነበረም?»

«የረጠበው እንስሳ እኔ ነኝ፣ ምን ችግር አለው።»

«ቀልድህን ተው። ቦራ በሚመጣው ሳምንት ትጠበቃለች። አባባ ደጋግሞ ሰማዩን ያያል። ሰማዩን ሲያይ ደስ የሚለው ይመስለኛል።»

ቅዳሜ ወደ ዳንግላ ወረደ። ገበያው በጋሪ ተጨናንቋል፤ ፈረሶቹ ጭቃውን እየረገጡ በመንገደኛው ሱሪ ላይ ይረጩታል። የአብዱልሀፊዝ ሱቅ ከጋሪ ማቆሚያው ፊት ለፊት ነበር። ጣራው ላይ የዝናብ ልብሶች ራሳቸው እንደተቆረጡ ሰዎች ተንጠልጥለዋል። አብዱልሀፊዝ በአድማሴ ዕድሜ ያለ፣ ዕቃ ከመሸጥ ይልቅ ስለ ዕቃ ማውራት የሚወድ ነጋዴ ነው።

«ይኼ ውኃ አያስገባም?» አለ አድማሴ።

«ወንድሜ፣ ይኼን ለብሰህ ዓባይ ብትገባ የሚፈራው ዓባይ ነው።»

«እስቲ ገልብጥልኝ፣ ስፌቱን ልየው።»

አብዱልሀፊዝ ገለበጠለት። አድማሴ ስፌቱን ወደ ብርሃኑ ዘርግቶ አየው። መርፌው ያለፈበት ቀዳዳ ሁሉ እንደ ወንፊት ያበራል። «መርፌ ባለፈበት ውኃ አያልፍም ትለኛለህ? ከውስጥ በኩል ስፌቱ የታሸገበት የለህም?»

አብዱልሀፊዝ ደንበኛውን አዲስ ሰው እንዳየ ሁሉ አየው። ከኋላ ገብቶ ሌሎች ሦስት አወጣ፤ ኮትና ሱሪው የተለያዩ፣ ስፌታቸው ከውስጥ በፕላስቲክ ጥብጣብ የተለበደ።

«ለካው።»

«ቆሜ አይደለም የምለካው። በርጩማ አለህ?»

«ልትገዛ ነው ልትከራይ የመጣኸው?»

አድማሴ በርጩማ ስላልተገኘ የሩዝ ጆንያ ላይ እግሩን አንፈራጦ ተቀመጠና፣ የሞተር መሪ እንደያዘ ሰው እጆቹን ዘረጋ። እጅጌው እስከ ክርኑ ሸሸ። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ወጣ። ቆሞ ልኩ የነበረው ልብስ ሞተር ላይ የትንሽ ወንድሙ ልብስ ሆነ።

«ከዚህ የሚሰፋ ስጠኝ።»

«የሚሰፋው ለሁለት ሰው ነው የሚሆነው።»

«ከሥሩ ሹራብና ጃኬት አለ። ሦስት ነን።»

አብዱልሀፊዝ ሳቀ፤ እሱንም ጉጉቱ ያዘው። ሚስቱን ዋሂዳን ከጓዳ ጠርቶ ጀሪካን ውኃ አስመጣ። አድማሴ ከሱቁ በረንዳ ላይ በጆንያው ተቀመጠ። ዋሂዳ በባሏ ላይ የያዘችውን ቂም ሁሉ በሌላ ሰው ላይ የምትወጣ ይመስል ከራሱ ጀምራ ታፈስስበት ጀመር። ጋሪ ነጂዎች ተሰበሰቡ።

«ምን አጥፍቶ ነው?» አለ አንዱ።

«ጥምቀት ወደ ሐምሌ ተዛወረ እንዴ?» አለ ሌላው።

የመጀመሪያው ኮት በዚፑ በኩል አስገባ፤ የአድማሴ ሹራብ መሐል ለመሐል እንደ መቀነት ረጠበ። ሁለተኛው ዚፑን የሚሸፍን፣ ሲላቀቅ ጠርርር የሚል መደረቢያ ነበረው፤ ግን አንገቱ አጭር ነበርና ውኃው ከማጅራቱ ገብቶ እስከ ወገቡ ወረደ። አድማሴ ይንዘፈዘፋል፣ ግን ፊቱ እንደ ልጅ ፊት በርቷል። ሦስተኛው ኮት አንገቱ አገጭ ድረስ ይዘጋል፤ የእጅጌው ጫፍ ይጠብቃል። ዋሂዳ ጀሪካኑን እስከ መጨረሻው ጠብታ ገለበጠችበት። ከላይ ደረቅ ሆኖ ተገኘ። ቦቲው ግን ሞልቶ ነበር።

«እዚህስ በየት ገባ?» ብሎ እግሩን አየ። ሱሪውን ቦቲው ውስጥ ከትቶታል። ወዲያው አውጥቶ ከቦቲው ላይ ደረበው። «አሃ። ከጣራ የሚወርደውን ውኃ ወደ ጋን ስመራው ነበር።»

«ሌላ ጀሪካን ላምጣ?» አለች ዋሂዳ ተስፋ አድርጋ።

የቀረው ቀለም ነበር። ከሦስተኛው ዓይነት ቢጫና ጥቁር አለ።

«ቢጫውን ውሰድ» አለ አብዱልሀፊዝ። «በጉም ውስጥ ሲኖትራኩ ቢያይህ ይሻላል።»

«የመንገድ ሠራተኛ ልምሰል? ደግሞ የእኔ ሥራ ከላም ኋላ ነው። ቢጫ ላይ የሚቀረውን ታውቀዋለህ። ጥቁር ይሻላል፤ ጉድ አያሳይም።»

«ጥቁር ጉድን ይሸሽጋል፣ አንተንም ይሸሽጋል።»

«የፊት መብራቴን አበራለሁ።»

በዋጋ ተከራክረው ተስማሙ። ውኃ በየት እንደሚገባ የጠየቀ ሰው፣ ልብሱን ያየ ሰው ምን እንደሚል ለመጠየቅ ግን አላሰበም።

ቦራ የተጠበቀችው ሐሙስ ነበር፤ ረቡዕ ጠዋት ቀደመች። ሀይማኖት ከጉብታው ላይ ሆና፣ «ጀምራለች። ጊደሮቹ ላይ እየወጣች በረቱን ልታፈርሰው ነው። ሰማዩን ግን አይተኸዋል?» አለችው።

አይቶታል። ሰማዩ ቆሰበር ላይ ሊቀመጥ ትንሽ ነበር የቀረው። አድማሴ ሹራቡን፣ ጃኬቱን፣ ከላይ ጥቁሩን ለበሰ። ሱሪውን ቦቲው ላይ ደረበ። ጓንቱን እጅጌው ሥር ከተተ። ጥቁር ሄልሜቱን ደፍቶ መብራቱን አብርቶ ወጣ።

ከከተማው ሳይወጣ ዶፉ ወረደ። አድማሴ ውኃው የሚገባበትን ጠበቀ። አንገቱን አዳመጠ፣ ደረቱን አዳመጠ፣ ጭኑን አዳመጠ። ምንም የለም። ዝናቡ ድምፅ ብቻ ሆኗል፤ ከቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሆኖ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ። የገዛ ቤቱን ለብሶ የሚሄድ ሰው ሆኖ ተሰማው። ከሄልሜቱ ውስጥ ብቻውን ሳቀ።

እማማ ሸጋ በራቸው ላይ ቆመው ነበር። ሞተሩን ሲያዩ እንደ ልማዳቸው በሩን በሰፊው ከፈቱለት። አድማሴ ዛሬ አይቆምም። ግን የበላበትን ቤት እንዲያው ዘግቶ ማለፍም ነውር ነው። ስለዚህ ሞተሩን ቀስ አደረገና እጁን ደረቱ ላይ አኑሮ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ ነሥቷቸው አለፈ።

እማማ ሸጋ ያዩት ይኼን ነው፤ ከእግር እስከ ራሱ ጥቁር የለበሰ ሰው፣ በቀን መብራት አብርቶ፣ በዚያ ዶፍ ሳይጠለል፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ። በአማርኛ ጀምረው በአካባቢው ቋንቋ በአውኚ የጨረሱት አንድ ነገር ተናግረው ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።

አድማሴ በየቤቱ ደጅ እንዲሁ እያደረገ አለፈ። ከዚህ በፊት ያስጠለሉት፣ ያበሉት፣ «በሞቴ» ያሉት ሁሉ ደጅ ደጅ ላይ ነበሩ። ማንንም ማስቀየም አልፈለገምና ለሁሉም እጁን ደረቱ ላይ እያደረገ እጅ ነሣ። እሱ ባለፈ ቁጥር ከኋላው በሮች ይከፈታሉ። መርዶ ነጋሪ የሚሄድበትን ቤት አይናገርም፤ መርዶ ደግሞ ሰው ብቻውን አይሰማም። ስለዚህ ጎረቤት የሆነ ሁሉ ጋቢውን አደግድጎ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይከተላል። የሞተሩ መንገድ ጋራውን ዞሮ ነው የሚመጣው፤ የእግሩ መንገድ ቆርጦ ይወርዳል።

ጋሼ ገበየሁ በበረቱ በር ላይ ቆመው ነበር። አድማሴ ሲወርድ ሄደው ጓንቱን ሳቡና እጁን ጨበጡ። እጁ ሞቃት ነበር።

«ደረቅ ነህ» አሉ።

«ደረቅ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ምነው እንዲህ በሆነ መጀመሪያ» አሉና ፈገግታቸውን ለመደበቅ ወደ ቦራ ዞሩ። ሀይማኖት የሞቀ ውኃ አመጣች። አድማሴ ሄልሜቱን እንኳ ለማውለቅ ጊዜ አላባከነም። ቀሰሟን በሞቀው ውኃ አቀለጣት፣ በኮቱ እጅጌ ላይ ረጅሙን የላስቲክ ጓንት እስከ ትከሻው ሳበ፣ ጋሼ ገበየሁ የቦራን ቀንድ ያዙ። ሥራው ተጀመረ። ጣቶቹ የራሱ ጣቶች ነበሩ።

ለቅሶውን መጀመሪያ የሰሙት ጋሼ ገበየሁ ናቸው። ሄልሜት የደፋው አድማሴ መጨረሻ ነው የሰማው።

«ሰዎች ወደዚህ እየመጡ ነው» አሉ ጋሼ ገበየሁ። ድምፃቸው ተለውጧል። «እያለቀሱ።»

አድማሴ ዞር ማለት አልቻለም፤ ክንዱ ያለበት ቦታ አያዞርም።

ጋሼ ገበየሁ በቀንዱ መሐል አሻግረው ያዩት አሁን ነው፤ ጥቁሩን ልብስ፣ ጥቁሩን ሄልሜት። «አንተ» አሉት ቀስ ብለው፣ «ለላሟ ነው የመጣኸው? ወይስ የነጋን መርዶ ልትነግረኝ?» ነጋ ወንዱ ልጃቸው ነው፤ ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማ ከወረደ ወራት ሆኖታል። መተማ ወባ አለ።

«እኔ ምንም አልሰማሁም፣ ጋሼ» አለ አድማሴ። እውነቱን ነው። እሱም ቢሆን ከኋላው የሚመጣው እውነተኛ ሞት መስሎታል። ቀንዱ ላይ ያለው እጅ እየላላ ነው። ቦራ መወዝወዝ ጀመረች። አሁን ቢተዋት ሦስት ሳምንት፣ ሽማግሌውም ሌላ ደጅ። ባይተዋት ደግሞ ለቅሶ ቤት ገብቶ ላም ሲያዳቅል የተገኘ የመጀመሪያው ሰው ይሆናል። «ጋሼ፣ አንዴ ብቻ ቀንዷን አይልቀቁ» አለ። ሀይማኖት ከአባቷ እጅ ቀንዱን ተቀብላ ያዘች። እንባዋ እየወረደ ያዘች። አድማሴ ዘሩን ወደ ውስጥ ገፋ አደረገው። ተፈጸመ።

በበረቱ በር ላይ የመጀመሪያው ሰው ደረሰ። ጭቃ እስከ ጉልበቱ፣ ጋቢው ከውኃ የወጣ በግ መስሎ። አቶ ሀብቱ ነበሩ። አቶ ሀብቱና ጋሼ ገበየሁ በወሰን ላይ በተተከለ የዲከረንስ ዛፍ ተጣልተው፣ ዛፉ አድጎ፣ ተቆርጦ፣ ከሰል ሆኖ ተሸጦ እስኪያልቅ ድረስ ሳይነጋገሩ የኖሩ ጎረቤቶች ናቸው። አቶ ሀብቱ በጋሼ ገበየሁ አንገት ላይ ተጠመጠሙ። «ጠንክር፣ ወንድሜ» አሉ። «አለንልህ።» ከኋላቸው አገሩ ሁሉ ገባ።

«ማን ነው?» አሉ ጋሼ ገበየሁ በሰው ትከሻ ላይ ሆነው። «በስሙ ንገሩኝ።»

ሁሉም ወደ አድማሴ ዞረ። አድማሴ ክንዱን አውጥቶ፣ ጓንቱን ገፎ፣ ሄልሜቱን አወለቀ።

«የኮርማው ልጅ ነው» አለ አንድ ሰው።

«ንገራቸው እንጂ» አሉት እማማ ሸጋ እያለከለኩ። «ሰው ሁሉ ተሰብስቧል።»

«ምኑን?»

«የመጣህበትን ነዋ።»

አድማሴ ግራ ገብቶት ወደ ቦራ አመለከተ። «የመጣሁትማ ለእሷ ነው።»

ሰው ሁሉ ላሟን አየ።

«ሳትጠለል አለፍክ» አሉ እማማ ሸጋ። «ደረትህን ይዘህ።»

«ሰላም ማለቴ ነበር፣ እማማ።»

«ሰላም የሚለው ሰው ‹ደህና ዋሉ› ይላል እንጂ ደረቱን አይመታም።»

«አልመታሁም፣ ነካ ነው ያደረግኩት። ሄልሜት ለብሼ ደህና ዋሉ ብልስ ማን ይሰማኛል?»

ሀይማኖት ይኼን ክርክር አልጠበቀችም። ጫማዋን ጥላ ወደ ጉብታው ሮጣለች። ዝናቡ ረገብ ሲል ተመለሰች፤ ከሩቅ እየሳቀችም እያለቀሰችም ነበር። «አነጋግሬዋለሁ፣ አባባ። ደህና ነው። ለምን ታለቅሻለሽ አለኝ፤ ነገርኩት። በሳቅ ሊሞት ነበር። ለቀብሬ ስንት ሰው መጣ አለኝ።»

ጋሼ ገበየሁ በበረቱ ደፍ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሰዎቹ አንድ በአንድ ነጠላቸውን አቀኑ፤ በከንቱ ያለቀሱት እንባ አሳፍሯቸው እርስ በርስ አይተያዩም። አቶ ሀብቱ ጋቢያቸውን ጨምቀው ለመሄድ ተነሡ። በዚያው ቅጽበት ዝናቡ እንደገና ቆርቆሮውን ደበደበው።

«ወዴት ነው?» አሉ ጋሼ ገበየሁ።

«ወደ ቤቴ ነዋ። የሞተ የለም።»

«ዝናብ ነው።»

«አየሁት።»

«ሳትጠለል ልትሄድ? ደግሞ አንተ ማንን ልታረዳ ነው?»

አቶ ሀብቱ የጭቃ እግራቸውን በቤቱ ደፍ ላይ ጠርገው ገቡ። እሳቸው ከገቡ ማን ይቀራል፤ ሁሉም ገባ። ለንፍሮ የመጣ ሕዝብ ድንች ተቀቀለለት። ሁለቱ ባላንጣዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ ዲከረንሱ አንድም ቃል ሳይናገሩ ስለ ወባ፣ ስለ መተማ፣ ስለ ነጋ አወሩ።

አድማሴ ደጅ ላይ ነበር። ዕቃውን ሞተሩ ላይ አስሮ ሲጨርስ ጋሼ ገበየሁ ብቅ አሉ።

«አንተስ?»

«እኔማ ልብስ አለኝ፣ ጋሼ። ዝናቡ አይዘኝም።»

«እሱን ነው የምልህ። ልጄን ገድለህብኝ አስነሣህልኝ። ዛሬ ማን እንደሚያለቅስልኝ በቁሜ አየሁ፤ ይኼን ለማየት የታደለ ሰው አላውቅም። ላሟ ላይ ደርሰሃል፤ ቃሌ ቃል ነው። ሽማግሌህን ላክ። ዝናብ ከያዛቸው ግን በየቤቱ እየተጠለሉ ይምጡ፣ ቢዘገዩም ግድ የለም። አሁን ያን ጥቁር ነገር አውልቅና ግባ።»

አድማሴ ገባ። ከበሩ አጠገብ፣ የአቶ ሀብቱ ጋቢ ውኃውን ከሚያንጠባጥብበት ካስማ ሥር ቆሞ ዚፑን ከፈተ። ኮቱን ሲያወልቅ ሹራቡ ጀርባው ላይ ተለጥፎ ነበር። ሀይማኖት የድንቹን ሳህን ይዛ መጥታ በጣቷ ነካችው።

«ረጥበሃል እኮ።»

አድማሴ ደነገጠ። አንገቱን ዳሰሰ፤ ደረቅ ነው። የእጅጌውን ጫፍ አየ፤ ደረቅ ነው። የዚፑን መደረቢያ ገለጠ፣ ስፌቱን ወደ ምድጃው ብርሃን አዙሮ አንድ በአንድ መረመረ፣ ቦቲውን አውልቆ ዘቀዘቀው። አንድ ጠብታ አልወረደም። በመጨረሻ ሹራቡን አሸተተው።

«በየት ገባ ታዲያ?» አለችው።

«አልገባም» አለ እየተገረመ። «ከእኔው የወጣ ላብ ነው። የሚያስገባበት ቢያጣ የሚያስወጣበትም አጣ።» ኮቱን አንሥቶ ብብቱ ሥር ያለውን ስፌት በአውራ ጣቱ ይለካ ጀመር። «እዚህ ጋ፣ ክንድ በሚሸፍነው በኩል ሁለት ሁለት ቀዳዳ ቢኖረው…»

«አድማሴ።»

«እ?»

«ድንቹ በረደ። ዛሬ የምትጠብቅህ ሌላ ላም የለችም። ተቀመጥ።»